ከባሕር ዛፍ ጫፍ እስከ ሸሚዝ ኪስ



የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንዲት ሚጢጢ እንስሳ ነው። ክብደቷ ከሁለት የዶሮ እንቁላል ብዙም አይበልጥም። ትልልቅ ጥቁር ዓይኖች፣ ሮዝ አፍንጫ፣ ከግንባሯ ተነስቶ በጀርባዋ ላይ የሚወርድ ጥቁር መስመር፣ ገላዋን የሚያህል ረጅም ጭራ አላት። ሹገር ግላይደር ትባላለች። ስልካችሁ ላይ ሳታገኟት አልቀረችም። ከመጋረጃው ጫፍ ላይ እጅና እግሯን ዘርግታ፣ እንደተወረወረ መሐረብ እየተንሳፈፈች መጥታ የባለቤቷ መዳፍ ላይ ዱብ የምትለው እሷ ናት። ከዚያ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ትገባና ለጥ ብላ ትተኛለች። ተመልካቹ ሁሉ «ወይኔ ስታምር! እኔም እፈልጋለሁ!» ይላል።

ፈላጊ ሲበዛ መካሪም ይበዛል። እንዴት ትመረጣለች፣ ምን ትበላለች፣ የት ትተኛለች… ምክሩ ለጉድ ነው። እኔ ግን ምክሩን ከነታሪኩ ላቀርብላችሁ ፈለግሁ። ለምን ቢባል፣ የዚህች እንስሳ ታሪክ ከሞላ ጎደል የስህተት ታሪክ ነው። ሰው ስሟን ተሳሳተ፣ አገሯን ተሳሳተ፣ ምግቧንም ጠባይዋንም ተሳሳተ። በተሳሳተ ቁጥር ደግሞ ሂሳቡን የሚከፍለው ሌላ ፍጡር ነው። ታሪኳን ያወቀ ሰው ግማሹን እንክብካቤ አወቀ ማለት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው፤ እንዳንምታታ።)

ዛፏን እናውቀዋለን

አገሯ ሩቅ ነው፤ አውስትራሊያና ኒው ጊኒ። ዛፏ ግን ጎረቤታችን ነው። ባሕር ዛፍ!

ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው። በ1890ዎቹ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ገባና ማገዶ ያጣችውን ከተማ ከጭንቅ አወጣት። ከዚያ ወዲህ ማገዶአችን ነው፣ አጠናችን ነው፣ ጉንፋን ሲይዘን መታጠኛችን ነው። እንጦጦን ያየ ሰው ባሕር ዛፍ የኢትዮጵያ ተወላጅ አይደለም ቢባል ለማመን ይቸግረዋል።

ነገር ግን ዛፉን ስናመጣ ነዋሪዎቹን አላመጣንም። በትውልድ አገሩ ባሕር ዛፍ ማለት ሰፈር ነው። ያረጀ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉ ይሰበራል፣ ውስጡ ይበሰብሳል፣ ቀስ በቀስ ዋሻ ይሆናል። ለእንስሳ ማደሪያ የሚሆን ዋሻ እስኪፈጠር ብዙ ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ ይወስዳል። የእኛው ባሕር ዛፍ ገና ሳይጎረምስ አጠና ሆኖ ስለሚቆረጥ ይህን ወግ አያይም። አውስትራሊያ ውስጥ ግን በቀቀኑም፣ የሌሊት ወፉም፣ ሹገር ግላይደሯም የሚከራዩት ቤት ይኸው ዋሻ ነው።

ሹገር ግላይደር ብቻዋን አትኖርም። አንድ ዋሻ ውስጥ እስከ ሰባት የሚደርሱ አዋቂዎች ከልጆቻቸው ጋር ተቃቅፈው ይተኛሉ። ብርድ ሲጠና ወይም ምግብ ሲጠፋ የገላቸውን ሙቀት ዝቅ አድርገው ለሰዓታት በድን ይሆናሉ፤ ጉልበት ቁጠባ መሆኑ ነው። አውራው ወንድ ግንባሩ ላይ ሽታ የሚያመነጭ ዕጢ አለው። በሱ ቤተሰቡን እያሸ «የኛ ናት» የሚል ማኅተም ያትማል። የቤተሰብ መታወቂያቸው ሽታ ነው በሉት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራ ይጀመራል። ከፊት እጇ እስከ ኋላ እግሯ የተዘረጋ ቀጭን ቆዳ አላት፤ ስትዘል ይወጠርና እንደ ጃንጥላ ይይዛታል። አትበርም፣ ትንሳፈፋለች። አንድ ጊዜ ዘልላ እስከ 50 ሜትር መሄድ ትችላለች፤ የእግር ኳስ ሜዳ ግማሽ ማለት ነው። ጭራዋ መሪ ነው።

የምትሄደውስ ወዴት ነው? ወደ ጣፋጭ። በጥርሷ የዛፉን ልጥ ፍቃ የሚወጣውን ፈሳሽ ትልሳለች፣ የአበባ ማር ትመጣለች፣ የግራር ዘመድ ከሆኑ ዛፎች ሙጫ ትለቅማለች። «ሹገር» የሚለው ስሟ የመጣው ከዚህ ነው። ይሁንና በስኳር ብቻ አይኖርም፤ በተለይ በሞቃት ወራት ጥንዚዛውን፣ የእሳት ራቱን፣ አባጨጓሬውን እያሳደደች ትበላለች። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ልጅ አወላለዷም ጉድ ነው። እርግዝናው 16 ቀን ገደማ ብቻ ነው። የሚወለደው ልጅ የሩዝ ፍሬ ያህላል። ዓይን የለው፣ ፀጉር የለው፣ እየተሳበ እናቱ ሆድ ላይ ያለች ከረጢት ውስጥ ይገባና ሁለት ወር ከምናምን እዚያው ያድጋል። ልክ እንደ ካንጋሮ!

የመጀመሪያው ስህተት፦ ስም

እንግሊዞች በ1788 ሲድኒ ላይ ሰፈሩ። የሚያዩት እንስሳ ሁሉ አዲስ ስለሆነባቸው በሚያውቁት ስም ይጠሩት ጀመር። ከዛፍ ዛፍ የሚንሳፈፉትን እነዚህን እንስሳት ሲያዩ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሚያውቁት ተንሳፋፊ የዛፍ ሽኮኮ ትዝ አላቸው። «የሚበር ሽኮኮ» አሏቸው። መልካቸው ቁርጥ እሱን ነው። በዘር ግን ምንም አይገናኙም። አንዱ የአይጥ ወገን ነው፣ ሌላኛዋ የካንጋሮ ዘመድ ናት። ሁለቱም በየአህጉራቸው አንድ ዓይነት ችግር ገጠማቸው፣ አንድ ዓይነት መፍትሔ አገኙ፣ አለቀ።

ስህተቱ በዚህ አላበቃም። የሹገር ግላይደር ታላቅ እህት የምትመስል ሌላ ተንሳፋፊ አለች። አውሮፓ ያሉት ሊቃውንት ይህቺኛዋ ኖርፎክ ከምትባል ደሴት የመጣች መስሏቸው በ1792 ሳይንሳዊ ስሟን በደሴቷ ሰየሙት። ኖርፎክ ላይ ግን አንድም ተንሳፋፊ እንስሳ የለም! ስሙ እስከዛሬ አልተቀየረም። አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ «ዝዋዬ» ተብሎ ዕድሜ ልኩን እንደመጠራት ነው።

የእኛዋ ሹገር ግላይደር በ1830ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ ጆርጅ ሮበርት ዋተርሃውስ በተባለ የእንስሳት ሊቅ እጅ ስም ወጣላት፤ ፔታውረስ ብሬቪሴፕስ። «አጭር ራስ ያላት የገመድ ላይ ተጫዋች» እንደማለት ነው። ስሙስ ያምራል። ችግሩ በዚህ አንድ ስም ውስጥ ምን ያህል የተለያዩ እንስሳት እንደታጨቁ ማንም አለማወቁ ነበር። ይህ ጉድ የወጣው ከ180 ዓመት በኋላ ነው። እንደርስበታለን።

ሁለተኛው ስህተት፦ የጀልባ ላይ እንግዶች

ከአውስትራሊያ በስተደቡብ ታዝማኒያ የምትባል ደሴት አለች። በ1835 ከዚህች ደሴት ከላውንሰስተን ከተማ የተነሱ ሰዎች ባሕሩን ተሻግረው ፖርት ፊሊፕ በሚባለው ዳርቻ ሰፈሩ፤ የዛሬዋ ሜልቦርን ማለት ነው። ጀልባዎች መመላለስ ጀመሩ። ሲመለሱ ታዲያ ባዶ እጃቸውን አልነበረም። እነዚያን የሚያማምሩ ተንሳፋፊዎች እየያዙ ወደ ላውንሰስተን አመጧቸው።

ሮናልድ ጋን የተባለ በታዝማኒያ የሚኖር የዕፅዋት ተመራማሪ የሆነውን ነገር በ1851 ጻፈው። እንስሶቹ የደሴቷ ተወላጆች አይደሉም፣ ከፖርት ፊሊፕ ብዙዎቹ መጥተው ነበር፣ ከተያዙበት ያመለጡት ጫካ ገብተው ተራቡ፣ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። (በነገራችን ላይ እሱም የጠራቸው በሌላ ዝርያ ስም ነው። ወይ ስም!)

እንግዲህ አስቡት። ጥቂት ሰዎች ደስ የምትል እንስሳ ቤታቸው ማኖር ፈለጉ። ጥቂቶቹ አመለጡ። በቃ። ከዚያ ወዲህ ለ160 ዓመት ያህል ማንም ጉዳዬ ብሎ አላነሳውም፤ ብዙ ሰው እንዲያውም የደሴቷ ተወላጆች አድርጎ ነው የሚያያቸው።

ታዝማኒያ ውስጥ ስዊፍት ፓሮት የሚባል አረንጓዴ በቀቀን አለ። በአንድ ትንፋሽ ባሕር ተሻግሮ የሚሰደድ ፈጣን በቀቀን ነው። ክረምቱን በዋናው አውስትራሊያ ያሳልፋል፣ ለመፈልፈል ግን ታዝማኒያ ብቻ ነው የሚሄደው። የሚፈለፍለው ባረጁ የባሕር ዛፍ ዋሻዎች ውስጥ ነው። ዋነኛ ቀለቡ ደግሞ የአንድ የባሕር ዛፍ ዓይነት አበባ ነው። የትኛው ባሕር ዛፍ መሰላችሁ? እኛ ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው፣ እንጦጦን የሞላው ራሱ!

በ2014 የአውስትራሊያ ናሽናል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእነዚህን በቀቀኖች ጎጆ በካሜራ ጭምር ሲከታተሉ ያገኙትን አሳተሙ። ሌሊት ሌሊት ወደ ዋሻው እየገባ እንቁላሉን፣ ጫጩቱን፣ አብዛኛውን ጊዜም ታቅፋ የተቀመጠችውን እናት የሚበላ አውሬ አለ። ሹገር ግላይደር ሆና ተገኘች። ያቺ ኪስ ውስጥ የምትተኛዋ! ተንሳፋፊዎቹ ባልደረሱባቸው ብሩኒና ማሪያ በተባሉ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ግን ጎጆዎቹ ደህና ነበሩ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 ስዊፍት ፓሮትን በከፍተኛ ደረጃ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው መካከል መደበው።

ፍርዱን ሁሉ ተንሳፋፊዋ ላይ መጣል ግን ልክ አይደለም። ጫካው ባልተመነጠረበት አካባቢ ጥቃቱ ቀለል እንደሚል ጥናቶች አሳይተዋል። ያረጁት ዛፎች ሲጨፈጨፉ ዋሻው ጠበበ፣ ገዳይና ተገዳይ አንድ ሰፈር ተፋፈጉ። ዛፉን የቆረጠው ሰው ነው፣ እንስሳዋንም በጀልባ ያመጣት ሰው ነው።

ሦስተኛው ስህተት፦ የገበያ አዳራሹ

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ አሜሪካ ይሻገራል። በ1990ዎቹ ሹገር ግላይደር እዚያ የቤት እንስሳ ሆና ገበያ ወጣች። በገበያ አዳራሾችና በአውደ ርዕዮች ትሸጥ ጀመር። ማስታወቂያው ቀላል ነበር፤ «የኪስ እንስሳ»። ቦታ አትይዝም፣ ሽርሽር አትፈልግም፣ ሸሚዝ ኪስህ ውስጥ ትውላለች። ገዢው ጎጆዋን፣ ምግቧን፣ ማቀፊያ ከረጢቷን አንድ ላይ ሸክፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ማስታወቂያው ውሸት አልነበረም ማለት ይቻላል። ቀን ቀን ኪስ ውስጥ ትተኛለች፤ የዛፍ ዋሻ መስሏት ነው። ማስታወቂያው ያልተናገረው ስለ ሌሊቱ ነው።

ገዢዎች ሌሊቱን ራሳቸው ደረሱበት። ቀን የተኛችው እንስሳ ማታ ትነቃለች። ትጮኻለች፤ እንደ ቡችላ የሚመስል ጩኸት ነው። ስትፈራ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማውን ሰው የሚያስደነግጥ የማሽን ጥርጥርታ ታሰማለች። ሽንቷን አንድ ቦታ ሽኚ ብትሏት አይገባትም። ብቻዋን ከሆነች ትታመማለች፤ ፀጉሯን ትነጫለች፣ ጭራዋንና እግሯን እስክታቆስል የምታኝክም አለች።

ምግቡም ሌላ ጣጣ አመጣ። «ሹገር» የሚለውን ስም የሰማ ሰው ፍራፍሬ ብቻ ቢሰጣት አይፈረድበትም። ነገር ግን ያን ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ጫካ ውስጥ ነፍሳትም፣ ሙጫም፣ የአበባ ብናኝም ትበላለች። ፍራፍሬ ብቻ የምትበላ ሹገር ግላይደር ካልሲየም ያንሳታል፣ አጥንቷ ይሳሳል፣ በመጨረሻ የኋላ እግሮቿ ይሽመደመዳሉ። በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ችግር ሆነ። 50 ሜትር ትንሳፈፍ የነበረች እንስሳ ጎጆዋ ወለል ላይ ስትጎተት ማየት ነው። የስም ስህተት እግር ድረስ ወረደ።

ለመሆኑ ከየት መጣች?

አውስትራሊያ የዱር እንስሶቿን ለንግድ ከነሕይወታቸው ወደ ውጭ መላክ ከከለከለች አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ታዲያ አሜሪካ የሞሉት እነዚህ «የአውስትራሊያ» እንስሳት ከየት መጡ? ተሰርቀው ይሆን?

መልሱ በ2019 መጣ። ተመራማሪዎች አሜሪካ ቤት ውስጥ ከሚኖሩ ሹገር ግላይደሮች ናሙና ወስደው ዘረመላቸውን ከአውስትራሊያና ከኒው ጊኒ እንስሳት ጋር አስተያዩ። የተመሳሰለው ከአውስትራሊያዎቹ ጋር አይደለም። ኢንዶኔዥያ በምታስተዳድረው የኒው ጊኒ ምዕራባዊ ክፍል፣ ሶሮንግ በምትባል ወደብ አካባቢ ካሉት ጋር ነው። እንግዲህ ሰው የአውስትራሊያ እያለ ያሳደጋት እንስሳ ፓፑዋዊት ናት።

በቀጣዩ ዓመት በ2020 ደግሞ ሌላ ጥናት ወጣ። አውስትራሊያ ውስጥ ሹገር ግላይደር ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው እንስሳ ለካ ሦስት የተለያየ ዝርያ ነው! አንዱ በምሥራቁ ዳርቻ ጠባብ መሬት ላይ ብቻ የሚኖር ነው፤ ዋተርሃውስ ያወጣው ስም የጸናው ለሱ ነው። ሁለተኛው ክሬፍት ግላይደር ይባላል፣ ሰፊውን አገር የያዘው እሱ ነው። ሦስተኛው የሰሜኑ ሳቫና ግላይደር ነው። ታዝማኒያ በጀልባ የሄዱትም በዚህ አከፋፈል የክሬፍት ወገን ናቸው፤ ከላይ በልማድ ስማቸው የጠራኋቸው ጥናቱ ራሱ የወጣው በዚያ ስም ስለነበር ነው።

«ታዲያ ስም ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ይጎዳል። አንድ ዝርያ ሰፊ አገር ላይ ተንሰራፍቷል ሲባል ማንም አይጨነቅም። «በጠባብ ዳርቻ ላይ ብቻ ነው ያለው» ሲባል ግን እዚያ ዳርቻ ላይ የሚነድ እሳትና የሚቆረጥ ዛፍ ሁሉ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። በአንድ ስም ሥር የተደበቀ እንስሳ ቢጠፋ እንኳ መጥፋቱ አይታወቅም።

ለማዳ ወይስ የተላመደ?

አማርኛችን «ለማዳ» እና «የዱር» ብሎ ይለያል። ሹገር ግላይደር የቷ ናት?

ውሻ ከሰው ጋር ከ14 ሺህ ዓመት በላይ ኖሯል። በዚያ ዘመን ውስጥ ጠባዩ ብቻ ሳይሆን ደሙም ተለውጧል። በ1959 ሩስያዊው ዲሚትሪ ቤልያዬቭ ሳይቤሪያ ውስጥ ቀበሮ ማላመድ ሲጀምር የተከተለው መንገድም ይኸው ነበር፤ ከየትውልዱ ገራም ገራሙን እየመረጡ ማራባት። አንድን ቀበሮ አቅፎ ማሳደግ ሌላ ነው፣ ዘሩን ለማዳ ማድረግ ሌላ ነው።

ለዚህ ከቤታችን የተሻለ ምሳሌ አለን፤ ጥርኝ። አገራችን ለዘመናት ዝባድ ለዓለም ሽቶ ቀማሚዎች ስትሸጥ ኖራለች። ዝባዱ የሚገኘው ወንድ ጥርኝ ከዱር ተይዞ፣ ጠባብ ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ፣ በየጊዜው ከዕጢው እየተፋቀ ነው። ጥርኝ አርቢው እሳት እያነደደ ያሞቀዋል፣ ሥጋና ገንፎ እያበላ ያኖረዋል። ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ ጥርኝ ለማዳ ሆነ? አልሆነም። በጎጆ ውስጥ የማርባት ልማድ ስላልነበረ አንዱ ሲሞት ሌላ ከዱር ይያዛል። ዛሬም አውሬ ነው። አብሮ መኖር ብቻውን አያላምድም።

ሹገር ግላይደር ከጥርኝ በአንድ ነገር ትሻላለች፤ ጎጆ ውስጥ ትዋለዳለች። ሰው የለመደች ሹገር ግላይደር አለች፣ ባለቤቷን በሽታው ትለያለች፣ ትጠጋዋለች። ግን የገበያ ዕድሜዋ ሠላሳ ዓመት ምናምን ነው። ሸሚዝ ኪስ ውስጥ የገባችው አውሬነቷን ይዛ ነው፤ ሌሊቷን፣ ቤተሰቧን፣ ሙጫዋን ይዛ። ለዚህ ነው እንክብካቤዋ «ማቀፍና መመገብ» ብቻ ያልሆነው።

እሺ፣ ለቆረጠ ሰው

አገሩ የሚፈቅድለት፣ አቅሙም ፍላጎቱም ያለው ሰው ይኖራል። ምክሩ ይኸውና፤ እያንዳንዱ ከላይ ካወራነው ታሪክ የተቀዳ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ፣ ሃዋይና አላስካ የቤት እንስሳ አድርጎ መያዝን ይከለክላሉ። በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ እንኳ፣ በገዛ አገሯ፣ ክልክል ነው። የታዝማኒያን ታሪክ የሰማ ሰው ክልከላው ለምን እንደመጣ አይጠፋውም።

ሁለተኛ፣ አንድ አትግዙ። ሁለት ካልሆነ ይቅር። ሰው የቱን ያህል ቢወዳት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብሯት ነቅቶ አይዘልም፣ ግንባሩን አያሽባትም። ሁለቱ ወንድና ሴት ከሆኑና መዋለዱ ካልተፈለገ ወንዱ መኮላሸት አለበት።

ሦስተኛ፣ ሻጩን ጠይቁ። የት ተወለደች? እናትና አባቷ የታሉ? ከከረጢት ከወጣች ስንት ጊዜዋ ነው? ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሞላት ጥሩ ነው። ዓይኗ ጥርት ያለ፣ ፀጉሯ ያልተመለጠ፣ ስትይዟት ጣታችሁን ጥብቅ አድርጋ የምትጨብጥ ትሁን። የአዋቂ ወንድ ግንባር ላይ የምታዩት መላጣ ግን በሽታ አይደለም፤ ያ የማኅተም ዕጢው ነው። «የት እንደተወለደች አላውቅም» ከሚል ሻጭ አትግዙ። ጫካው ውስጥ ወጥመድ እንዲጠመድ የሚያደርገው እሱን የመሰለው ጥያቄ አልባ ገበያ ነው።

አራተኛ፣ ጎጆው ከስፋቱ ቁመቱ ይብለጥ። ቢያንስ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ወለል፣ 90 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ደግሞ እሰየው። የሽቦው ክፍተት ከ1.2 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ በጠባብ ቀዳዳ የምትሾልክ ናት። ለመተኛት የጨርቅ ከረጢት፣ ለመንጠላጠል ቅርንጫፍ ይኑራት። ክፍሉ 24 ዲግሪ ገደማ ቢሞቅ ይስማማታል። ብርድ ያጠቃት እንስሳ በድን ስትሆን የሞተች መስሏቸው የደነገጡ ብዙ ናቸው።

አምስተኛ፣ ምግቡ ላይ አትቀልዱ። ስኳሩም፣ ነፍሳቱም፣ ካልሲየሙም በልክ። ለሹገር ግላይደር ተብሎ የተመጠነ ቀመር አለ፤ ከሐኪም ጋር ተማክሮ አንዱን ይዞ መጽናት ነው። ቸኮሌትና ጨው የበዛበት የሰው ምግብ አይሆንም። የሚገርመው፣ አዋቂ አሳዳጊዎች የሚሰጧት አንዱ ነገር የግራር ሙጫ ነው። የእኛም ቆላ የሚያውቀው ሙጫ አሜሪካ ጓዳ ውስጥ ለፓፑዋዊት እንስሳ ቀለብ ሲሆን አስቡት!

ስድስተኛ፣ ሐኪሙን ከእንስሳዋ በፊት ፈልጉ። ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ እሷን አያክምም።

የመጨረሻው ሂሳብ ነው። በደንብ የተያዘች ሹገር ግላይደር አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ትኖራለች። አሥር ዓመት በቀን ሲቆጠር 3,650 ነው። የእሷ ኑሮ ግን የሚቆጠረው በሌሊት ነው፤ 3,650 ሌሊት። ሥራ ይዛችሁ፣ ቤት ለውጣችሁ፣ አግብታችሁ፣ ወልዳችሁ፣ ምናልባት አገር ቀይራችሁ፣ በእያንዳንዱ ሌሊት እሷ ነቅታ የምትዘልበት ዛፍ ትፈልጋለች። ከጀልባ የወረዱትን የያዘ ሰው ይህን አልቆጠረም። የገበያ አዳራሹ ገዢም አልቆጠረም።

ስልክ ላይ የምናየው ቪዲዮ አንድ ደቂቃ ነው። «እኔም እፈልጋለሁ» ከማለታችን በፊት የቀረውን ሌሊት እንቁጠር።

ቸር እንሰንብት!